የሄይቲው ጄኔራል ቧዬ እና የ150 ሚሊዮን ፍራንክ ወረቀት

ሄይቲ በደም ያገኘችውን ነፃነት እንደገና በገንዘብ እንድትገዛ መደረጓን ብዙ ሰው ሰምቷል። ባሪያ የነበሩ ሰዎች ለቀድሞ ጌቶቻቸው ካሳ ከፈሉ። ይህ እውነት ነው። ካሳውን ያዘዘውን የፈረንሳይ ወረቀት የተቀበለው ማን እንደሆነ፣ ምን አስቦ እንደተቀበለ፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደተሰበሰበና ለምን ተከፍሎ አላልቅ እንዳለ ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ይህን ለመረዳት አጭሩ መንገድ የአንድን ሰው ሕይወት መከተል ነው። ዣን ፒየር ቧዬ ይባላል። ከ1818 እስከ 1843 ሄይቲን የገዛ ጄኔራል ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአገሪቱ ታሪክ የእርሱን ያህል በሥልጣን ላይ የቆየ ፕሬዚዳንት የለም።

ቧዬ በ1776 በፖርት ኦ ፕሪንስ ተወለደ። አባቱ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ፣ እናቱ ደግሞ በባርነት የኖረች አፍሪካዊት ነበረች። በዚያን ጊዜ ሄይቲ ሴን ዶማንግ የምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከነዋሪዋ እጅግ የሚበዛው ባሪያ ነበር። ከባሮቹና ከነጮቹ መካከል ነፃ የሆኑ ክልሶችና ጥቁሮች አንድ መደብ ሠርተው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም እርሻና ባሪያ ያላቸው ጥቂት አልነበሩም። የቧዬን ውሳኔዎች ለመረዳት ከዚህ መደብ መውጣቱን መያዝ ያስፈልጋል፤ ባርነትን ከልቡ ይጠላል፣ የሰፋፊ እርሻ ባለቤትነትን ግን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጥረዋል።

ወጣትነቱ በጦር ሜዳ አለፈ። በ1799 እና 1800 በደቡቡ ጄኔራል አንድሬ ሪጎ ሥር ሆኖ የባሮቹን አብዮት የመራውን ቱሳን ሉቨርቱርን ወጋ፤ ተሸንፈው ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ። በ1802 ናፖሊዮን ቱሳንን እንዲያጠፋ ከላከው ጦር ጋር ተመልሶ መጣ። ፈረንሳይ በሌላዋ የካሪቢያን ግዛቷ በጓዴሎፕ ላይ ባርነትን መልሳ መትከሏ ሲሰማ ግን ለሄይቲም የተደገሰው ያው እንደሆነ ሁሉም ገባው። ቧዬም ከአለቃው ከአሌክሳንደር ፔትዮን ጋር ወደ አማፂዎቹ ወገን ዞረ። የፈረንሳይ ጦር በኖቬምበር 1803 ቬርቲዬር ላይ ተመታ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነፃነት ታወጀ።

የነፃነቱ መሪ ደሳሊን በ1806 ሲገደል አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑን አንሪ ክሪስቶፍ ያዘ፤ በኋላም ራሱን ንጉሥ አለ። ደቡቡን ፔትዮን በሪፐብሊክ ስም ገዛ። ቧዬ የፔትዮን ጸሐፊና የዘብ አዛዥ ነበር፤ የሚገባውም የሚወጣውም በእርሱ በኩል ነው። ፔትዮን በማርች 1818 ሲሞት ሴኔቱ የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት የድል ዓመታት ናቸው፤ አብዛኛውም ያለ ትልቅ ውጊያ የመጣ ነው። በደቡብ ምዕራብ ተራሮች ከአስር ዓመት በላይ ያልተበገረውን፣ ጎማን የሚባል ሰው የመራውን የገበሬዎች አመፅ በ1820 ደመሰሰ። በዚያው ዓመት ክሪስቶፍ ሽባ ሆነ፣ ወታደሮቹ ከዱት፣ በኦክቶበር 8 ራሱን ገደለ። ቧዬ ወደ ሰሜን ገሠገሠና ሁለቱን ግዛቶች አንድ አደረገ። በደሴቲቱ ምሥራቅ ያለው የስፔን ቅኝ ግዛት በዲሴምበር 1821 ነፃነቱን ሲያውጅ አዲሱ መንግሥት ባርነትን ሳይሽር ቀረ። ቧዬ በፌብሩዋሪ 1822 ሠራዊቱን ይዞ ሳንቶ ዶሚንጎ ገባ፤ የከተማይቱ ቁልፍ ተሰጠው፤ ባርነትም በደሴቲቱ ሁሉ ቀረ። ለዚህ ሥራው ሙሉ ምስጋና ይገባዋል፤ በኋላ የተበላሸው ነገር ይህን አይፍቀው።

አንድ ነገር ግን ይጎድለው ነበር። ሄይቲን በይፋ ያወቀ ኃያል መንግሥት አልነበረም። ፈረንሳይ ደሴቲቱን ያመፀች ግዛቴ ናት ትል ነበር። አሜሪካ ከሄይቲ ጋር ትነግዳለች እንጂ አታውቃትም፤ ያወቀቻትም በ1862 ነው። ዕውቅና የለም ማለት የጦር መርከብ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ሁልጊዜ መመገብና ማልበስ ግድ ነበር። በዚህ ላይ የቀድሞ ቅኝ ገዥዎችን መሬት ይዘው የሚኖሩ ጄኔራሎችና ሹማምንት የርስታቸው ጉዳይ አንድ ቀን በሰነድ እንዲዘጋ ይፈልጉ ነበር። የካሳን ሐሳብ መጀመሪያ ያነሳው ራሱ ፔትዮን ነው፤ በ1814 ከፈረንሳይ መልእክተኛ ጋር ሲነጋገር። ቧዬም በ1824 ወደ ፓሪስ መልእክተኞች ልኮ ነበር፤ ፈረንሳይ በሄይቲ የውጭ ጉዳይ ላይ የበላይነቴ ይቆይ በማለቷ ሳይስማሙ ተመለሱ።

በጁላይ 1825 ባሮን ደ ማኮ የሚባል የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን ፖርት ኦ ፕሪንስ ደረሰ። የያዘው ንጉሥ ሻርል 10ኛ ኤፕሪል 17 ቀን የፈረመው አዋጅ ነበር። መርከቦቹ በጠቅላላ 14፣ መድፎቻቸው ከ500 በላይ ነበሩ። አዋጁ አጭር ነው፤ ሦስት አንቀጾች ብቻ። በመጀመሪያው የሄይቲ ወደቦች ለሁሉም አገር ክፍት ይሆናሉ፤ የፈረንሳይ መርከብ ግን ሲገባም ሲወጣም የሌላው ግማሽ ቀረጥ ብቻ ይከፍላል። በሁለተኛው ለቀድሞ ቅኝ ገዥዎች ካሳ 150 ሚሊዮን ፍራንክ በአምስት እኩል ዓመታዊ ክፍያ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 30 ሚሊዮን እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1825 መግባት አለበት። በሦስተኛው በእነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ንጉሡ «ለሴን ዶማንግ የፈረንሳይ ክፍል ነዋሪዎች» ሙሉ ነፃነት ይሰጣል።

ሦስተኛውን አንቀጽ ደግሞ ማንበብ ይጠቅማል። ሄይቲ የሚለው ስም የለበትም። ከ21 ዓመት በፊት የታወጀውን ነፃነት አላወቀም፤ ነፃነቱን ንጉሡ ዛሬ የሚሰጠው ስጦታ አደረገው። ስጦታው ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ገንዘቡ ካልተከፈለ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም የሚለው ጥያቄ ክፍት ሆኖ ቀረ። «የፈረንሳይ ክፍል» በማለቱም የምሥራቁን ግማሽ ከነፃነቱ ውጭ ተወው። ቧዬ ለድርድር የሰየማቸው ሦስት ሰዎች፣ ዋና ጸሐፊው አንጊናክ፣ ሩዋኔ እና ኮሎኔል ፍሬሞን፣ ይህን አይተው አንቀበልም አሉ። ድርድሩ ሲቆም ቧዬ ማኮን ለብቻው አነጋገረና ተቀበለ። ሴኔቱ ጁላይ 11 ቀን አጸደቀው። ትልቁ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ የአዋጁ ቃላት ተለውጠው እስኪመጡ ድረስ ጊዜ መግዛት ይቻል ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ የተገኘው የተሻለ ውል ይህን ያሳያል። በሌላ በኩል መድፎቹ በወደቡ ፊት የቆሙት በእርሱ ላይ እንጂ በእኛ ላይ አልነበረም።

150 ሚሊዮን ከየት መጣ? ስሌቱ ቀላል ነው። ሄይቲ በ1823 ወደ ውጭ የላከችው ምርት 30 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ ተገመተ። ግማሹ ለወጪ ተቀንሶ 15 ሚሊዮን እንደ ትርፍ ተያዘ። በቅኝ ግዛት የአንድ ርስት ዋጋ የአስር ዓመት ትርፉ ነው ተብሎ በአስር ተባዛ። ትርፉ ግን ሠራዊትና መንግሥት ሁሉ የሚኖሩበት ገንዘብ መሆኑ ከቁጥር አልገባም። በኋላ በፓሪስ ካሳው ሲከፋፈል ርስቶቹ በ1789 በነበራቸው ዋጋ ተመዘኑ፤ በዚያ ዋጋ ውስጥ የባሮቹም ዋጋ ነበረበት። ነፃ የወጣው ሰው የራሱን ዋጋ ከፈለ የሚባለው ለማሳመር የተነገረ ቃል አይደለም፤ በመዝገብ የሰፈረ ነገር ነው። ለማነጻጸር ያህል ፈረንሳይ በ1803 ሉዊዚያናን ለአሜሪካ የሸጠችው በ80 ሚሊዮን ፍራንክ ነበር፤ የዚያ መሬት ስፋት ከሄይቲ ከ70 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። የመጀመሪያው 30 ሚሊዮን ብቻውን የመንግሥቱን የዓመት ገቢ ብዙ ጊዜ ያጥፋል። ስለዚህ ሄይቲ በፓሪስ ገበያ ተበደረች። 30,000 የብድር ሰነዶች ታተሙ፤ በእያንዳንዱ ላይ 1,000 ፍራንክ ተጽፏል፤ የተሸጡት ግን በ800 ፍራንክ ነው። ወለዱ 6 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 25 ዓመት። ሄይቲ 30 ሚሊዮን ዕዳ ገባች፤ እጇ የደረሰው 24 ሚሊዮን ነው። 6 ሚሊዮኑ ገና ከመጀመሪያው በባንኮቹና በሰነድ ገዥዎቹ እጅ ቀረ። ወለዱ የሚታሰበው በ1,000ው ላይ ስለሆነ በ800 ፍራንክ 60 ፍራንክ ይከፈላል፤ እውነተኛው ወለድ 7.5 በመቶ ነው። የዓመቱ ወለድ ብቻ 1.8 ሚሊዮን ይሆናል። ዋናው በ25 ዓመት ቢከፋፈል ሌላ 1.2 ሚሊዮን፤ በድምሩ በመጀመሪያው ዓመት 3 ሚሊዮን። የጎደለው 6 ሚሊዮን ገደማ ከግምጃ ቤት ወጣ፤ አገር ውስጥ የነበረው የወርቅና የብር ሳንቲም ተጭኖ ወደ ፈረንሳይ ሄደ።

በዚህ ዓይነት ለአንድ ካሳ ሁለት ዕዳ ተፈጠረ፤ አንዱ ለቅኝ ገዥዎቹ፣ ሌላው ለፓሪስ ባንኮች። ሄይቲዎች ድርብ ዕዳ የሚሉት ይህን ነው። ቀጣዩ 30 ሚሊዮን የሚከፈልበት ቀን በ1826 መጨረሻ ነበር፤ አልተከፈለም፤ ሊከፈልም አይችልም ነበር። መንግሥቱ የሚኖረው በጉምሩክ ቀረጥ ነው፤ አዋጁ ደግሞ በፈረንሳይ መርከብ ላይ ቀረጡን በግማሽ ቆርጦታል። ዕዳው እና የዕዳው መክፈያ በአንድ ወረቀት ላይ ተጣሉ ማለት ነው። ብር ከገበያ ሲጠፋ ቧዬ የወረቀት ገንዘብ አሳተመ፤ ጉርድ የሚባለው የሄይቲ ገንዘብ ዋጋው ወረደ፤ ወታደሩ ደሞዙን በሚረክስ ወረቀት ይቀበል ጀመር።

ቧዬ መፍትሔውን የፈለገው በእርሻ ነው። በሜይ 1826 የገጠር ሕግ የሚባል ረጅም ሕግ አወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወታደር፣ ነጋዴ፣ የእጅ ባለሙያ ወይም የቤት አገልጋይ ያልሆነ ሰው ሁሉ መሬት ማረስ ግዴታው ነው። ከባለ እርሻ ጋር የሥራ ውል ይገባል፤ ውሉ እስከ 9 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ከሰኞ ጠዋት እስከ ዓርብ ማታ የእርሻው ነው። ያለ ፈቃድ ከገጠር ወደ ከተማ አይሄድም፤ ልጁንም ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ለመላክ ፈቃድ ይጠይቃል። ገበሬዎች ተሰባስበው እርሻ መከራየትና ራሳቸው ማስተዳደር አይችሉም። ውል የሌለው እንደ ሥራ ፈት ይያዛል። ድርሻው ከጠቅላላ ምርቱ እርቦ፣ በሌላ አሠራር ወጪ ተቀንሶ ግማሽ ነው። አስፈጻሚው ወታደራዊ አዛዥ ሆነ፤ በሥሩም የገጠር ፖሊስ። ለነፃነት የተዋጋ ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው ለመገመት አይቸግርም።

ሕጉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአብዛኛው አገር የወረቀት ሕግ ሆነ። የከሸፈበትን ምክንያት ማየት ስለ ሄይቲ ብዙ ያስተምራል። ፔትዮን ከ1809 ጀምሮ መሬት ለወታደሮችና ለመኮንኖች አከፋፍሏል፤ አንድ ተራ ወታደር አምስት ካሮ፣ ማለትም ከ6 ሄክታር በላይ ያገኛል። የራሱ መሬት ያለው ሰው በሰው እርሻ በአለቃ ደወል አይነሳም። መሬት ያላገኘውም ቢሆን ብርቅ ነበር፤ ከረጅሙ ጦርነት በኋላ መሬቱ ብዙ፣ ሰው ጥቂት ነው። ባለ እርሻው ሠራተኛው ወደ ጎረቤቱ እንዳይሄድበት በድብቅ የእኩል ያሳርሰዋል፤ ሕጉ ከሚለው እርቦ ይልቅ ግማሹን ይሰጠዋል። ገበሬውን ይይዛል የተባለው የገጠር ፖሊስም የዚያው ሰፈር ሰው ነው፤ ዘመዱን አስሮ ወዴት ይኖራል?

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሰብሉ ጠባይ ነው። ሸንኮራ ከተቆረጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ጭማቂው ይበላሻል። ስለዚህ ወፍጮ፣ የውኃ ቦይ፣ ማፍያ ጋንና ሌት ተቀን በፈረቃ የሚሠራ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ይፈልጋል። ቅኝ ገዥዎቹ ያን በጅራፍ አገኙት። ቡና እንዲህ አያደርግም፤ አንድ ቤተሰብ ተራራ ላይ ሆኖ ይለቅመዋል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ገበያ እስኪደርስ ይቆይለታል። በቅኝ ገዥዎቹ የተተከለው ቡናም ባለቤት አጥቶ በየተራራው ይበቅል ነበር። ስለዚህ ስኳር ከወጪ ንግዱ ጠፋ ለማለት እስኪቻል ወረደ፤ ቡና የአገሪቱ ዋና ምርት ሆነ። ገበሬው በዚህ ኑሮ ራሱን ችሎ ኖረ። መንግሥቱ የሚፈልገውን ፍራንክ ግን አላስገኘም። ቀረጡ በቡናው ላይ ስለተጫነም ዕዳውን በእርግጥ የከፈለው ያው የተራራ ገበሬ ነው። የብራዚል ቡና የዓለምን ገበያ ሲያጥለቀልቅ ደግሞ ዋጋው ወረደ፤ ለዚያው ዕዳ ብዙ ጆንያ መሸከም አስፈለገ።

ቧዬ የሠራተኛ እጥረቱን በሌላ መንገድም ሞክሮታል። በ1824 ጆናታስ ግራንቪል የሚባል መልእክተኛ ወደ አሜሪካ ልኮ ነፃ ጥቁር አሜሪካውያን እንዲመጡ ጋበዘ፤ የመርከብ ክፍያ፣ መሬትና የመጀመሪያ ወራት ስንቅ ቃል ገባ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች መጡ። ቋንቋውና የአየሩ ጠባይ ከብዷቸው ብዙዎቹ ተመለሱ። በሳማና ልሳነ ምድር የቀሩት ዘሮች ግን እንግሊዝኛቸውን ለትውልዶች ይዘው ቆይተዋል።

በምሥራቁ ክፍል ነገሩ በሌላ መንገድ ተበላሸ። አዋጁ «የፈረንሳይ ክፍል» ብቻ ያለውን ዕዳ ቧዬ የብሔር ዕዳ ብሎ በምሥራቁም ሕዝብ ላይ ጫነው። የ1824ቱ የመሬት ሕግ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት ወሰደ፤ በዚያ አገር ከብት የሚረባበትንና በጋራ የሚያዝ መሬት በግል ለመከፋፈል ሞከረ። ተማሪዎቹ ለውትድርና ሲወሰዱ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በ1838 ሁዋን ፓብሎ ዱዋርቴ ከሄይቲ ለመላቀቅ ላ ትሪኒታሪያ የሚባለውን የምሥጢር ማኅበር መሠረተ። በ1822 ባርነትን ሽሮ በምስጋና የተቀበሉት ብዙዎች በነበሩበት አገር፣ ቧዬ ሕዝቡን በ16 ዓመት ውስጥ ያጣው በዚህ ነው።

በዚያው በ1838 ከፈረንሳይ ጋር ሁለት ውሎች ተፈረሙ። በአንዱ ፈረንሳይ ሄይቲን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ነፃና ሉዓላዊ አገር ብላ አወቀች። በሌላው ያልተከፈለው 120 ሚሊዮን ወደ 60 ሚሊዮን ወርዶ በ30 ዓመት እንዲከፈል ተስማሙ። የ1825ቱ ብድር ግን እንዳለ ቀረ። ይህ ውል የቧዬ ትልቁ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው፤ በአገሩ ያደነቀው ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ሰው በሕይወቱ ላይ ያየው ለውጥ አልነበረምና። ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፣ መንገድ የለም፣ ምክር ቤቱ ውስጥ የተቃወመ እንደራሴ ይባረራል። እንደ ኤራር ዲሜል ያሉ የተቃዋሚ መሪዎች ደጋግመው ተባረዋል።

በሜይ 7 ቀን 1842 የመሬት መንቀጥቀጥ የሰሜኑን ከተማ ካፕ አይስየንን አወደመ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። ከፍርስራሹ የሚዘርፈውን የሚያስቆም፣ ለተረፈው የሚደርስ መንግሥት ጠፋ። በጃንዋሪ 1843 ሻርል ሪቪዬር ኤራር ከደቡብ፣ ሌካይ አጠገብ ካለው ፕራስሌን አመፀ፤ አመፁን ለማብረድ የተላከው ሠራዊት ከዳ። ቧዬ ማርች 13 ሥልጣኑን ለቆ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ጃማይካ ሄደ። ቀድሞ የፔትዮን፣ በኋላ የእርሱ አጋር የነበረችው ማሪ ማድሌን ላሽኔ በዚያው ዓመት በስደት ሞተች። እርሱ ወደ ፓሪስ ተሻገረና በጁላይ 1850 እዚያው ሞተ። ምሥራቁ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1844 ተገንጥሎ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሆነ።

ዕዳው ከእርሱ በኋላ ቀጠለ። ተከታዮቹ መንግሥታት አንዳንዴ አቋረጡ፣ አንዳንዴ ቀጠሉ፤ አሮጌውን ለመክፈል አዲስ ብድር ወሰዱ፤ ክፍያው እስከ 1880ዎቹ ዘለቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከነወለዱ የተከፈለው 112 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ እንደሆነ በ2022 የወጣ የጋዜጣ ምርመራ አስልቷል፤ በዛሬ ገንዘብ 560 ሚሊዮን ዶላር ያህል። የሄይቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ዣን በርትራንድ አሪስቲድ በ2003 ከፈረንሳይ የጠየቀው ግን ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች የሚራራቁት ስለሚቆጥሩት ነገር ነው። የመጀመሪያው የወጣውን ገንዘብ ብቻ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልሳል። ሁለተኛው ገንዘቡ በአገር ውስጥ ቢቆይ ኖሮ በዓመታቱ ሁሉ ሊያፈራ የሚችለውን ጭምር ያስባል። አዋጁ 200 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2025፣ ፕሬዚዳንት ማክሮን ጉዳዩን የሚመረምር የፈረንሳይና የሄይቲ የታሪክ ምሁራን የጋራ ኮሚሽን እንደሚቋቋም አስታውቀዋል።